ቁጥር ያለ መዝገብ ለበግ አርቢው ምን ይጠቅማል?

በቤተ ልሔም ዙሪያ ባሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች በግ የአርሶ አደሩ የቅርብ ጥሪት ነው። ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ሰው ሲታመም በቅድሚያ ወደ ገበያ የሚነዳው እሱ ነው። ባለቤቱ በጉን በመልኩ፣ በላቱና ጆሮው ላይ በተቆረጠው ምልክት ይለየዋል። ምልክቱ የማን በግ እንደሆነ ይናገራል፤ እናቱ ማን እንደሆነች፣ በስንት ወሩ ምን ያህል እንደመዘነ፣ መቼ እንደተከተበ ግን አይናገርም።

ጉድለቱ ዋጋ ያስከፍላል። ፈጥኖ የሚያድገው ወንድ ጠቦት ለበዓል ገበያ ቀድሞ ሲሸጥ ለአውራነት የሚቀረው ደካማው ነው። በመንዝ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ያካሄደው የማኅበረሰብ አቀፍ ዝርያ ማሻሻያ ይህን ለመግታት የተነሳው ከጆሮ ቁጥር ነው። የግልገሉና የእናቱ ቁጥር፣ የልደት ቀኑና ክብደቱ ይመዘገባል፤ አርሶ አደሮቹም መዝገቡን አይተው፣ በዓይናቸውም አመዛዝነው አውራ ይመርጣሉ።

ሁለተኛው ጥቅም ጤና ነው። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ለዓመታት ይከላከላል። ስለዚህ በየዓመቱ ዋናው ሥራ ያልተከተቡትን አዳዲስ ግልገሎች ማግኘት ነው። የተከተበው ካልተመዘገበ ግን መድኃኒቱም የባለሙያው ድካምም ይባክናል።

ይሁን እንጂ በግ መቁጠር በዚህ አካባቢ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሴፍቲኔት ለመመረቅ የቤተሰቡ ጥሪት፣ እንስሳቱም ጭምር፣ ይታያል። በመሆኑም ተጠቃሚው «በጌ ከተመዘገበ ዕርዳታው ይቀርብኛል» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ግልጽ መልስ ሳይሰጥ የሚጀመር ምዝገባ የተደበቀ መንጋ እንጂ ትክክለኛ ቁጥር አያመጣም።

ሸክሙንም መመጠን ያስፈልጋል። አስገዳጅ ሕግ ባላት እንግሊዝ እንኳ 12 ወር ሳይሞላው ለዕርድ ለሚሄድ ጠቦት አንድ መለያ ይበቃል፤ ለእርባታ የሚቆየው ግን ሁለት ይደረግለታል። እዚህም ከእናት በጎች፣ ከአውራዎችና ከግልገሎቻቸው መጀመር ይቻላል። አባወራው መጻፍ ባይችል ተማሪ ልጁ በደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የእናቱን ቁጥር፣ የልደትና የክትባት ቀኑን፣ የተሸጠበትን ወይም የሞተበትን ቀን ቢያሰፍር በቂ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የቤት ሥራ ታዲያ መለያ ማደል ብቻ አይደለም። መዝገቡ ለምን እንደሚውልና ለምን እንደማይውል አስቀድመው ለአርሶ አደሩ መንገር፣ ውጤቱንም መልሰው ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ያለዚያ ቁጥሩ የበጉ ጆሮ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።