የአዝመራው አሠሪ ማን ነው?

በአርሲ ደጋ ኅዳር ሲጋመስ የአጨዳ ሥራ ማልዶ አይጀመርም። ጤዛው እስኪረግፍ ይጠበቃል። ረፋዱ ላይ ከኢተያ እስከ በቆጂ ባለው የስንዴ አገር ኮምባይነሮች ሞተራቸውን ያስነሣሉ። ገበሬው ኪራዩን የሚከፍለው በኩንታል ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ኦፕሬተሩ፣ ረዳቱ፣ ደንበኛ የሚያፈላልገው ደላላ። እህሉ ሸራ ላይ ሲዘረገፍ ደግሞ ሌሎች እጅ ይጠብቁታል፤ ጆንያ የሚይዝ፣ የሚሞላ፣ አፉን በወስፌ የሚሰፋ፣ መቶ ኪሎውን ተሸክሞ አይሱዙ ላይ የሚጭን። አቧራውና ገለባው ዓይን አያስገልጥም። ስምምነቱ በቃል ነው። ደመና ከጠቆረ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚሠራ ሰው ከበዛ ይወርዳል።

ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሲወራ እነዚህ ሰዎች ትዝ የሚሉት የለም። ሕጉ አጥር፣ ዘበኛና ፔሮል ላለው መሥሪያ ቤት የወጣ ይመስላል፤ አሰላ ላይ ከሆነ ለብቅል ፋብሪካው፣ ለባንኩ፣ ለሆቴሉ። የአዋጁ ቃል ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የሚለው አንድ ሰው እንኳ የቀጠረውን ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብት ያላቸውን ሲዘረዝር የእርሻ ሠራተኞችን ከፋብሪካ ሠራተኞች ጎን ለይቶ ጠርቷቸዋል።

ወረቀት አለመኖሩ የሚጎዳው በኋላ ነው። አይሱዙው የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ ነው። አዋጁ የሥራ ቀንን በ8 ሰዓት፣ ሳምንቱን በ48 ሰዓት ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ ነው። በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ታዲያ መነሻው ስንት እንደነበር ያልተጻፈ ክፍያ በምን ይባዛል? ይባስ ብሎ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። በኅዳር ተሸክሞ ያልተከፈለው ሰው ግንቦትን ከዘለለ፣ ባለዕዳው ይርጋን ካነሣ፣ ክሱ አለቀለት ማለት ነው። ያ ሰው በዚያን ጊዜ ሌላ ወረዳ፣ ምናልባትም ባሌ ሜዳ ላይ ነው።

አደጋ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቀበቶና ምላጭ ባለበት ማሽን ዙሪያ ይህ ትልቅ ዋስትና ነበር። የተጎዳው ሰው ግን መጀመሪያ አሠሪው ማን እንደሆነ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ኦፕሬተሩ ወደ ባለቤቱ፣ ባለቤቱ ወደ ደላላው፣ ደላላው ወደ ገበሬው ይጠቁማል።

አርሲ ለዚህ ጉዳይ አዲስ አይደለችም። በ1960ዎቹ መግቢያ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የቺላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያመጣ፣ ባለርስቶች ትራክተር መግባት ያዋጣል ብለው ጭሰኞችን ነቀሉ። የእኩል አራሽ ልጅ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ቀጥሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን፣ ከአቅመ ደካሞችና ከመሰሎቻቸው በስተቀር፣ ከለከለ። የእርሻ ቅጥር በብዛት የቀረው እንደ ሎሌ፣ ጎፈርና ዲክሲስ ባሉ የመንግሥት እርሻዎች ነበር። ዛሬ ክልከላው የለም፤ ጭሰኝነትም የለም። በመካከል የቀረው በኩንታል የሚከፈለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ገበሬው መልስ አለው፤ መልሱም ተገቢ ነው። ግማሽ ሔክታር ስንዴ ያለው ሰው፣ ማዳበሪያ በዕዳ የገዛ፣ ለሁለት ቀን ሸክም የፔሮል መዝገብ ያዝ ቢሉት ይስቃል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊም ሸክሙ በእሱ ላይ ይውደቅ አይልም። ግን ኮምባይነር ያለው ሰው ድኻ አይደለም። ስንዴውን በመጋዘን የሚያከማቸው ነጋዴም፣ የቢራ ገብስ በኮንትራት የሚያስመርቱ ፋብሪካዎችም ሒሳብ የሚያውቅ ሠራተኛና ማኅተም አላቸው። ሠራተኛው በተለያየ ማሳ ላይ ቢውልም ሥራውን የሚያዘውና ገንዘቡን የሚቆጥረው አንድ ከሆነ፣ አሠሪነትንም ከዚያ መፈለግ ነው እንጂ በማሳው ቁጥር መበታተን የለበትም።

ሌላው ክፍተት ከአሰላ አቅም በላይ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት እንዲወስን አዟል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛውን 6,000 ብር አድርጓል። የግሉ ዘርፍ ወለል ግን አልወጣም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በየሜይ ዴይ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነው። ጎረቤት ኬንያ ለእርሻ ሠራተኛ ሳይቀር ለብቻው ተመን ታወጣለች። ወለል በሌለበት የስንዴ አጨዳ ዋጋን የሚወስነው፣ በዚያ ሳምንት ከየአካባቢው ሥራ ፍለጋ የወጣው ወጣት ብዛት ነው።

ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ወረዳው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። የኮምባይነር ኪራይ ሲንር የአካባቢ አስተዳደሮች የኩንታል ተመን እስከ ማውጣት ይደርሳሉ፤ ለገበሬው ሲባል፣ ደግሞም ልክ ነው። ባለማሽኑን ጠርቶ በኩንታል ስንት እንደሚያስከፍል የሚነግር ጽሕፈት ቤት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስንት ሠራተኛ ይዞ እንደሚዞርና ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚከፍል በአንድ ወረቀት አስፈርሞ ማስቀረት አያቅተውም።