እናትሽን የቆረጣቸው ስልክሽ ነው

የዛሬዋ ደብዳቤ ከወደ ጂንካ ነው የመጣችው። ጸሐፊዋ በቅርቡ ወንድሟን አርባ ምንጭ ላይ ድራለች። የሠርጉ ቪዲዮ በስልኳ ከተላከላት ወዲህ ግን ከሙሽራዪቱ ቤተሰብ ጋር ተኳርፋለች። «ቤተሰብ ተሰልፎ ሲቀረጽ ከኋላ ደረጃው ላይ የቆመችው እናቴ ከአንገቷ በላይ የለችም። ቪዲዮውን ያሠሩት እነሱ ናቸው። ሆን ብለው ነው ያስቆረጧት። ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቪዲዮውን ስታዪ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል ወይስ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው? ጢም ብሎ የሚሞላ ከሆነ ጥፋተኛው ሳይገኝ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ባብዛኛው የሚቀረጸው 16 በ9 በሚባለው ልክ ነው፤ ወርዱ 16 ቢሆን ቁመቱ 9 ማለት ነው። የዘመኑ ስልክ ደግሞ ጋደም ሲል ብዙዎቹ 20 በ9 ይደርሳሉ። ስለዚህ ቪዲዮው ሳይነካ ከታየ ከስክሪኑ ከአምስት እጅ አንዱ ባዶ ይቀራል፤ ጥቁሩ እሱ ነው። በሁለት ጣት ከፈት አድርገሽ ልሙላው ካልሽ ግን ስልኩ ምስሉን ያሳድግና ከላይና ከታች ይቆርጠዋል። ከቁመቱ ከአምስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ከላይ የኋላ ተሰላፊ ራስ፣ ከታች የሙሽራው ጫማ!

የድሮ ፊልም ሲሆን ይብሳል። ኢቮ ሽትሬከር በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሐመሮች የከብት ዝላይ ፊልም አስቢው። የያኔው ፊልም ወደ 4 በ3 የተጠጋ ስለሆነ እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ይሙላ ከተባለ ከቁመቱ 40 በመቶ ያህል ይጠፋል። ዘላዩ ራሱን፣ ከብቱ እግሩን ያጣል። አንዳንዱ ማጫወቻ ደግሞ ሳይቆርጥ ይለጥጣል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ያለ ቅቤ ይወፍራል።

ምክሬ ይኸው። ሁለት ጣትሽን ስክሪኑ ላይ አሳርፈሽ ወደ መሐል ሰብሰብ አድርጊና ምስሉን ወደ ልኩ መልሺው። ጥቁሩን አትጥዪው፤ የሚጎድልብሽ ነገር የለም። እናትሽ ብቅ ካሉ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪና ይቅርታ ጠይቂ። ካልታዩም መጀመሪያ ቀራጩን ጠይቂ እንጂ አማቾችን አትክሰሺ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ለወንድምሽ ትዳር ስትዪ ተረጋጊ።