የወንበሩን ሒሳብ ማን ይያዝ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው ያውቀዋል። ልጆቹ ጆይስቲኩን እንደጨበጡ ዘለው ወደ ጨዋታው አይገቡም። መጀመሪያ የሚከፈተው አሰላለፉ ነው። ቀስቱ ወደ ታች የዞረበት አጥቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቀስቱ ወደ ላይ የቆመለት ተቀያሪ ይገባል። የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላላ! በሊግ ውድድር ከሆነ ደግሞ በካርድ የታገደውን አሰልፌ ልጀምር ቢሉት ማሽኑ በጄ አይልም።

በ2005 ዓ.ም. ለዋልያዎቹ የጠፋው ይህን "አይሆንም" የሚል ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን ከሜዳ ውጪ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ልጁ ግን በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ስላየ በዚያ ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ረትተን ጭፈራው ሳይበርድ የፊፋ ምርመራ ወሬ ደረሰ። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 ተሸናፊ ተባልን። ደግነቱ በጳጉሜን መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን ምድቡን በአንደኝነት ጨረስን እንጂ፣ የብራዚሉ ጉዞ ያኔውኑ በአንድ ቢጫ ካርድ ተቀብሮ ነበር።

ያን ሰሞን ብዙ ጣት ወደ ተጫዋቹ ተቀስሯል። ተገቢ አልነበረም። ተጫዋች ግባ ሲባል ይገባል። ካርድ መቁጠር የወንበሩ ሰዎች ሥራ ነው።

ተጠባባቂ ማስቀመጥ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አምባሰል ውስጥ ያለው ግሸን አምባ በመካከለኛው ዘመን የነጋሢ ዘር ልዑላን ተራቸውን የሚጠብቁበት ቦታ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ለዙፋን የበቃው ከዚያ አምባ ወርዶ ነው። ልዑላኑ በእስር ላይ ስለነበሩ ነገሩ አይወደድም፤ ግን ያ ወንበር ጠባቂ ነበረው።

የእኛስ? ወንበር ሲታሰብበት ምን እንደሚሠራ በዚያው ዓመት በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ አይተናል። ዛምቢያ ላይ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ሲወጣ ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ፣ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ወጣን። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር ግን ሦስቱም ቅያሪ ካለቀ በኋላ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ሕንፃ ነው። ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን አስቆጥሮ 2 ለ 0 ተሸኘን። በርግጥ እየተመሩ የመጨረሻውን ቅያሪ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ከባድ ነው። አሠልጣኝ የሚመዘነውም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ሒሳቡ በዝቷል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አምስት ቅያሪ በቋሚነት ተፈቅዷል፤ ያውም ከዕረፍት ሰዓት ውጪ በሦስት ጊዜ መጠቀም ግዴታ ነው። ከሜዳ ተጫዋቾቹ ግማሹን መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ማን ደክሟል፣ ማን በካርድ ተይዟል፣ በረኛ ቢወጣ ጓንት ማን ያጠልቃል የሚለውን የሚመዘግብና የሚጠየቅ አንድ ሰው በስም ይታወቅ። አሰላለፉ የእሱ ፊርማ ሳያርፍበት ለዳኛ እንዳይሰጥ።

ፕሌይስቴሽን ቤት የተሳሳተ አንድ ጨዋታ ከፍሎ እንደገና ይጀምራል። ብሔራዊ ቡድን እንደገና የሚል ቁልፍ የለውም።