መኪናው በሚታመምበት ሰዓት ይታይ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በአዲስ አበባ መንደሮች ከዶሮ ጩኸት ቀጥሎ የሚሰማው፣ አልነሣ ያለ አውቶሞቢል የሚያሰማው ማቃሰት ነው። ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ባለቤቱ መሪውን በእጁ ይመታል፤ የሥራ ሰዓት ግን አይጠብቀውም። ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ጥቂት ለማለት የተነሣነው ችግሩ በቤታችን ስለ ደረሰ ነው።

አባታችን አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አላቸው። ይህ አውቶሞቢል ባለፈው ኅዳር ጧት ጧት እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይሄዳል። አባታችን ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «አንተ የተማርከው ልጅ፣ ምን ሆነ ትላለህ?» አሉን። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ዓመታችን ነውና «አላውቅም» ማለት አሳፈረን። ስለዚህ «ባትሪ ነው» አልን። ባትሪ ተገዛ፤ መንቀጥቀጡ አልቀረም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድነው፤ «ካንዴላ ነው» ተባለ፤ አራቱም ካንዴላ ተለወጠ፤ አሁንም አልቀረም። ሌላ ሰው ደግሞ፣ «የከተማው ከፍታ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ነው» አለን። በእርግጥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ነገር ግን የጎረቤታችን ኮሮላ ያንኑ አየር እየሳበ በአንድ ጊዜ ይነሣ ነበር። ደግሞስ ከፍታው ቀን ቀን የት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በጊዜው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የአባታችን የጡረታ ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረስን። እርሳቸውም ሞተሩን ከፍተው ከማየታቸው በፊት፣ «መቼ መቼ ነው የሚያመው?» ብለው ጠየቁን።

«ጧት ብቻ ነው ጋሼ» አልናቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ሞተሩን አሙቀህ በስድስት ሰዓት ለምን አመጣህልኝ? ሕመሙ ለቆት የመጣ በሽተኛ ምኑ ይመረመራል? እዚሁ ይደርና ጧት ና።»

በማግሥቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተገኘን። ሽማግሌው ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍተው፣ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ አንዲት አነስተኛ መመርመሪያ ሰኩ። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ሞተር ሙቀቱ እንደ አየሩ ሙቀት ወደ 9 ዲግሪ ገደማ መሆን ሲገባው፣ መሣሪያዋ 70 ዲግሪ ብላ አሳየች። «አየህ፤ የሚዋሸው ተገኘ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን በብርድ ጊዜ በደንብ ስለማይተን፣ የቀዘቀዘ ሞተር ለመነሣት ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይፈልጋል። በዛሬው አውቶሞቢል ውስጥ መጠኑን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩን ዳስሶ አያውቅም፤ የሚያምነው በማቀዝቀዣው ውሃ መተላለፊያ ላይ የተተከለችውን ትንሽ የሙቀት መለኪያ ነው። እርስዋ «ሞቋል» ስትለው ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ሞተሩም ተርቦ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ በእውነት ሲሞቅ ግን ሐሰቱ ከእውነቱ ጋር ስለሚገጥም ሕመሙ ይሰወራል። 70 ዲግሪ በሞተር ላይ የተለመደ ቁጥር በመሆኑም የማስጠንቀቂያው መብራት አልበራም ነበር። መለኪያዋ ተለወጠች፤ ዋጋዋም ከባትሪው እጅግ ያነሰ ነበር።

ይህን ስንል የጧት ሕመም ሁሉ ከዚህች መለኪያ ይመጣል ማለታችን አይደለም። ሞተሪኖው እየተጎተተ ቀስ ብሎ የሚያዞር ከሆነ ባትሪውን መጠርጠር ነው። ተሞልቶ ያደረ ደኅና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12.2 ከወረደ ግን ግማሹ አልቋል። አዲስ ከመግዛት በፊት በጫፎቹ ላይ የወጣውን ነጭ ዝገት ማጽዳት ይቅደም። ሞተሪኖው በኃይል እያዞረ ሞተሩ ቶሎ አልይዝ ካለ ደግሞ፣ ቁልፉን ሳያስነሡ ከፍቶ ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ መዝጋት፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከዚያ ማስነሣት ነው። በዚህ ወዲያው ከተነሣ የቤንዚኑ ግፊት ሌሊት ሌሊት እየሾለከ እንደሚወርድ ያስጠረጥራል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ የማያቋርጥና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ ውሃው ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ። «ሲሞቅ ይተወዋል» ብሎ ችላ ማለትም አይበጅም፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ውሎ አድሮ የጭሱን ማጣሪያ ያበላሻል። በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን በጥንቃቄ መያዝ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም።

ሰው ሁሉ መካኒክ ይሁን አንልም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጥን ወጣቶች፣ ሥራ አልሄድ ሲል መርምረን ሳይሆን ገምተን እንለውጣለን፤ ዛሬ ቅጹን፣ ነገ ጸሐፊውን፣ ከነገ ወዲያ ማኅተሙን። ባለጉዳይ ጧት በሁለት ሰዓት ተኩል በበር ላይ ተሰልፎ ይንገላታል፤ እኛ ግን ስለ ሰልፉ የምንሰበሰበው ከቀትር በኋላ፣ ሰልፉ ከተበተነ ወዲያ ነው። ከበታቻችን «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ሲመጣልንም በእርሱ እናዝዛለን። ይህ ወረቀት በብርድ ያደረውን ሞተር 70 ዲግሪ ነው ከምትለው መለኪያ በምን ይለያል? ኃላፊ የሆነ ሰው አንድ ቀን ማልዶ ከሰልፉ መካከል ቢቆም፣ ከአሥር ስብሰባ የሚበልጥ ነገር ይማራል ብለን እናምናለን።

በቅርቡ ደግሞ ኮሮላው አዲስ ድምፅ ጀመረ። አባታችንም እንደ ልማዳቸው፣ «ምን ሆነ ትላለህ?» አሉን። እኛም በዚህ ጊዜ ሳናፍር፣ «አላውቅም አባባ፤ ነገ ጧት አብረን እንየው» አልናቸው።