ሸሪክ በፕሮፋይል አይፈተንም

ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. የቢዝነስ ሸሪኮችን የሚያገናኝ የኢንተርኔት አገልግሎት ከፈተ። ሙያህን ትጽፋለህ፣ ትመርጣለህ፣ ትመረጣለህ። ይሁን! አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው የአሰላ ልጅ ይህም አንድ በር ነው። እኔ የምለው ግን፣ ትውውቅ መቼ ነው ሽርክና የሆነው?

በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለ ሁለት ሰው አይቋቋምም ነበር። ስንቱ የእህቱን ስም ለወረቀት ብቻ አስገባ! የ2013ቱ ሕግ ለአንድ ሰውም ፈቅዷል። እንግዲህ ለይስሙላ ሸሪክ ምን አስቸኮለን?

ድርሻ ከመካፈላችሁ በፊት አንድ ክረምት አብራችሁ ሥሩ። የአርሲን ገብስ ገዝታችሁ ለብቅል ፋብሪካ አቅርቡ። ዋጋ ሲወርድ ስልኩን ያልዘጋ፣ ሸሪካችሁ እሱ ነው።