የወይጦ ጥጥና የአለቃ ቁጣ

በቤና ፀማይ ወረዳ የሚገኘው የወይጦ ሸለቆ ስሙ ከመስኖ ጥጥ ጋር አብሮ ይነሳል። ስለ ጥጥ በተወራ ቁጥር ዋጋው፣ ትራንስፖርቱና የባንክ ብድሩ ይጠቀሳሉ። ሁልጊዜ የሚዘነጋው አንድ ወጪ ግን አለ፤ እሱም የሥራ አስኪያጁ ጠባይ ነው።

የፈነዳ ጥጥ ማሳ ላይ ከቆየ አቧራና ዝናብ ነጭነቱን ያበላሹታል፤ ደረጃው ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። ለቃሚው ሚዛን ላይ ከተሰደበና ቅሬታው ሳይሰማ «ካልተስማማህ ሂድ» ከተባለ፣ ማታውኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ይህ ኪሳራ በሒሳብ መዝገብ ላይ የቁጣ ወጪ ተብሎ አይጻፍም፤ «የሠራተኛ እጥረት» ይባላል።

ባለሀብቱ ከአዲስ አበባ በስልክ ቢቆጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ቁጣውን ወደ ታች ያወርደዋል። የበታች ሠራተኛ ደግሞ አለቃውን ለማረም አይደፍርም። የቀረው እኩያ ነው።

አገሪቱ በዚህ ረገድ ልምድ አላት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ግምገማ ሰዎችን ፊት ለፊት ቢያገናኝም፣ ከእንጀራ ጋር በመያያዙ ለብዙዎች የፍርሃት መድረክ ሆኗል። በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን የቡድን ሥራን ቢያስተምርም፣ ዋና ትኩረቱ ብክነት ላይ ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው እቁብ ነው፤ ዳኛ፣ የተቆረጠ ቀንና መተማመን አለውና።

የጂንካ ገበያ ቅዳሜ ይቆማል። የእርሻ፣ የሆቴልና የትራንስፖርት ሥራ አስኪያጆች አምስት ስድስት ሆነው በየአሥራ አምስት ቀኑ እዚያ ቢገናኙ ምን ይጎዳል? እያንዳንዱ የሚተወውን አንድ ልማድ ብቻ ይናገር፤ ሚዛን ላይ መጮህ ወይም የክፍያ ቀን ቆርጦ አለመናገር ሊሆን ይችላል። በመካከሉ አንዱ ለሌላው ይደውል፤ «ይህን ሳምንት ስንቴ ጮህክ?» ብሎ ይጠይቀው። ከበላይ ሲመጣ የሚያስቆጣው ጥያቄ ከእኩያ ሲመጣ ያስቃል፤ ያሳስባልም።

ተፎካካሪዎች ምስጢር አይለዋወጡም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ የለቀማ ሒሳብና የጥጥ ዋጋ ከውይይቱ ውጭ ይሁኑ። ድብደባና ወሲባዊ ትንኮሳም የወዳጅ ምክር ጉዳይ አይደሉም፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከሉ በመሆናቸው ለሕግ ይቀርባሉ።

ከባለሀብቱ የሚፈለገው ቀላል ነው። ሰዓቱን ይፍቀድ፤ እዚያ የተነገረውን ግን አይጠይቅ። እሱ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከመጡት ለቃሚዎች ስንቱ እስከ መጨረሻው ጆንያ ቆዩ? «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ትርፍ ሊያስገኝ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።