የእናት ፋሲካ መቼ ነው?

55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት አልፈው፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ማዕዱ በቀረበበት በዚህ ዕለት ስለ እናቶች ጥቂት ብንናገር የበዓሉን ደስታ የምናደበዝዝ አይመስለንም። በበዓል ቀን እናትን ማወደስ የተለመደ ነው፤ ውዳሴውም ሞልቶ ተርፎናል። እኛ ራሳችን እናቶች ነንና በበዓል ቀን የጎደለን መቀመጫ መሆኑን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን።

በ2008 ዓ.ም. የፋሲካ ሌሊት በቤታችን የሆነውን እናስታውሳለን። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። እኛ አልሄድንም፤ ወጡ ገና አልወረደም ነበርና። ጸሎት ተደርጎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁሉም መጉረስ ሲጀምር እኛ አንዴ ወጥ ለመጨመር፣ አንዴ ጠላ ለመቅዳት፣ አንዴ እንግዳ ለማስታጠብ ስንል ከጓዳ ወደ ሳሎን እንመላለስ ነበር። በዚህ መካከል የያኔዋ የ6 ዓመት ልጃችን ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ የአንቺ ፋሲካ መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጎሕ ሲቀድ፣ እንግዶቹ ተሸኝተው ልጆቹም ተኝተው፣ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን የቀዘቀዘውን ወጥ ስንነካካ ግን ጥያቄው ተመለሰብን። 55 ቀን የጾምነውን ጾም የገደፍነው ብቻችንን፣ ከድካም ብዛት ጣዕሙን እንኳ ሳንለይ ነበር።

መቼም የፋሲካን ሥራ የማያውቅ አንባቢ የለም። ከኒቆዲሞስ እሑድ ጀምሮ ቤቱ ይታመሳል። ጠላው ይጠነሰሳል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ድፎው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይደፋል። ዶሮውን ባርኮ የሚያርደው አባወራው ነው፤ ይህም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ላባውን በፈላ ውኃ ነክሮ መንጨቱ፣ 12 ብልት አድርጎ መገነጣጠሉ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡ፣ ሽንኩርቱን አድቅቆ መክተፉና ለሰዓታት ማቁላላቱ የእናት ድርሻ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የሚከብደው ማንም ሳያዘን እኛው የጨመርንበት ነው። ዶሮው ሳይበቃ ምንቸት አብሽ፣ ምንቸት አብሹ ሳይበቃ አልጫ፣ ክትፎና አይብ በአንድ ሌሊት ካልተሰለፉ ባልትናችን የሚታማ ይመስለናል። ጎረቤት ምን ይል ይሆን ብለን የተበደርነው ገንዘብም እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ይከተለናል።

በዚያው ሳምንት ውስጥ ግን ልብ ሳንለው የሚያልፍ አንድ ቀን አለ፤ ጸሎተ ሐሙስ። ክክ ባቄላውና ስንዴው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ሲነጋ በአንድ ድስት ይጣዳል፤ ጨው ይጨመርበታል፤ ሥራው ይኸው ነው። እናት እንደ ማንኛውም ምእመን ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ትሰግዳለች፤ እግሯን ትታጠባለች። ስትመለስ ጉልባኑ በአንድ ገበታ ይቀርባል፤ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ከዚያው ይዘግናል። ልጆች ካህኑ እግራቸውን ሲያጥቧቸው ውኃው እንዴት እንደቀዘቀዛቸው እያወሩ ይሳሳቃሉ። በጉልባን ቀን ያኮረፈ አባወራ፣ ቅር ያለው እንግዳም አይተን አናውቅም። እንግዲህ ያን ሐሙስ የቀመስነውን ዕረፍት በሦስተኛው ቀን ጥለነው የምንነሣው ስለ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የማርታንና የማርያምን ታሪክ የሚያነሡብን አይጠፉም። (ታሪኩን የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ የቀረበላቸው ናቸው።) ማርታ እኮ እኅቷ የሥራውን ሸክም ለብቻዋ ትታባት እንደነበር ራሷ ለጌታ ተናግራለች። የሚረዳት ብታገኝ ኖሮ እርሷም ከእግሩ ሥር ለመቀመጥ ጊዜ ባላጣች ነበር። ጌታ በዚያች ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ከትንሣኤውም በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ዓሣ በፍም ላይ፣ እንጀራም አዘጋጅቶ ቁርስ ብሉ ብሎ እንደጠራቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ተጽፎ እናነባለን። የትንሣኤው ጌታ እሳት አንድዶ ካበላ፣ ሽንኩርት መላጥ ከክብሩ የሚያወርደው አባወራ የትኛው እንደሆነ አናውቅም።

ሙያው ይጠፋል፣ ባህሉ ይረሳል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ ዶሮ ወጥ እኛም እንወዳለን። ነገር ግን ሙያ የሚጠፋው በአንዲት ሴት እጅ ብቻ ተዘግቶ ሲቀር ነው። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ እንደኛ ቢሮ የሚውሉት፣ ሥራውን ሁሉ ለቤት ሠራተኛ አስረክበው ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ያቺም ልጅ 55 ቀን ጾማለች፤ እርሷም በሩቅ አገር እናት አላት። ሸክሙን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዪቱ ማዛወር ሸክሙን አያቀለውም።

እናታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። የፋሲካቸውን ወጥ ጣዕም እስከ አሁን አልረሳነውም፤ እኅትማማቾቹ ስንገናኝ የምናነሣውም እርሱኑ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ከመካከላችን ታናሽቱ፣ እማማ በፋሲካ ሌሊት ተቀምጠው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲጎርሱ ያየ አለ ወይ ብላ ብትጠይቅ ሁላችንም ዝም አልን። የቆሙበትን እንጂ የተቀመጡበትን የሚያስታውስ ከመካከላችን አልተገኘም።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በቤታችን ጥቂት ነገር ተለውጧል። በፋሲካ ሌሊት የሚቀርበው አንድ ድስት ዶሮ ወጥና ዳቦ ብቻ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና ሁሉን በአንድ ሌሊት ለማብላት መጣደፉ ትርጉም አልሰጠንም። ክትፎው ወደ ማክሰኞ ተሻግሯል፤ ምንቸት አብሹም ረቡዕ እስኪደርስ ይጠብቃል። ቅዳም ስዑር ጠዋት፣ ከደጀ ሰላም የመጣው ቄጠማ በየራሱ ላይ እንደታሰረ፣ አባወራውና ወንዶቹ ልጆች በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት እንባቸውን እየጠረጉ በመሳቅ ነው ያለፈው። አንዱ ጣቱን ቆረጠ፤ ሽንኩርቱም ግማሹ አረረ። ዘመድም አላማን አንልም።

ልማዱ ከበዓል አልፎ ወደ ዘወትሩ ቀን ገብቷል። ያልጠበቅነው ይህ ነበር። ማታ ሽሮው እየተንተከተከ ትንሹ ልጃችን አጠገባችን ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ የትምህርት ቤት ወሬውን ይነግረናል። ታላላቆቹን ስናሳድግ ይህን ወሬ ጀርባችንን ሰጥተን፣ እህ እያልን ነበር የምናዳምጠው። አሁን ፊቱን እያየን ነው። ለመምህሩ ያልተናገረውን፣ ከጓደኛው የተጣላበትን ምክንያት የሰማነው በዚያች የጓዳ ሰዓት ነው። ወጪ የለውም፤ የሚያስፈልገው ሁለተኛ በርጩማ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሁላችንም አብረን አስቀድሰን፣ አብረን ገባን። በሙያ ነገር ይሉኝታ የማያውቁ አንዲት አረጋዊት አክስታችን አብረውን ገደፉ። ወጡን ቀመሱና፣ «ሽንኩርቱን ማን ከተፈው?» አሉ። ትንሹ ልጃችን አቀረቀረ። «አልደቀቀም» አሉና ጎርሰው ሲያበቁ፣ «እስቲ ጨምሩልኝ» አሉ። ልንነሣ ስንል፣ ዛሬ ቁመቷ ከእኛ የበለጠው ልጃችን ቀድማ ጭልፋውን አነሣች።

«ተቀመጪ፣ እማዬ» አለች።